በንጉሡ ሠ የተጻፈ ስም

ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት አልቀጠልኩም። ፊደል ያስቆጠሩኝ ግን አባቴ ናቸው፣ ትምህርት ቤት ሳልገባ። ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር ድጓ ያስተምሩ ስለነበር በፊደል አይቀልዱም። ሥላሴን በንጉሡ ሠ ፈንታ በእሳቱ ሰ የጻፈ ተማሪ ከነበረበት ገጽ መጀመሪያ ጀምሮ እንደገና ይጽፋል። ድምፁ ያው አንድ ነው ብዬ አንድ ጊዜ ተከራከርኳቸውና፣ ያን ቀን እኔም ጻፍኩ።

ወገዳ ከተማ የመጣሁት የአክስቴ ልጅ ዘንድ ለመሥራት ነው። እሷ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምራ ሥራ ስታጣ የጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፈተች። እኔ ቤቱን እጠርጋለሁ፣ ወረቀት በስቴፕለር እመታለሁ። በኋላ መተየብም አስተማረችኝ። ሰው ሲገባ ፊቴን ወደ ማሽኑ አዞራለሁ።

ገበያ በሌለበት ቀን ፕሮግራም ትጽፋለች፤ ፋንክሽናል በሚሉት ዓይነት የኮምፒውተር ቋንቋ። የሚሰማት ሌላ ሰው ስለሌለ ለእኔ ታስረዳኛለች።

«ፊልተር ማለት ለቀማ ነው» አለችኝ። «ምስር ስትለቅሚ እያንዳንዷን ፍሬ ጠጠር ነሽ ወይ ብለሽ አይደል የምታያት? ጥያቄውን ለፊልተር ትሰጪዋለሽ። እሱ ዝርዝሩን አንድ በአንድ ይጠይቅና አዎ ያሉትን ሁሉ ለብቻ ያወጣልሻል።»

«ከሰፌዱ ላይ ይጎድላል?»

«አይጎድልም። ዋናው እንዳለ ነው። የሚሰጥሽ ሌላ አዲስ ዝርዝር ነው።»

ፋይንድ የሚባለው ደግሞ የመጀመሪያውን አዎ ሲያገኝ ያቆማል፤ የቀሩትን አያይም። ሰነፍ ለቃሚ አልኩት። ሣቀች።

አንድ ሰሞን የአንድ ቀበሌ የመሬት ባለይዞታዎች መዝገብ ለመተየብ መጣ። መዝገቡን በእጅ የጻፈው ሰው በስሞቹ ውስጥ ያለውን ሥላሴ ሁሉ በእሳቱ ሰ ጽፎታል። እያረምኩ ተየብኩት። ለማንም አልነገርኩም፤ የሚነገር ነገርም አልመሰለኝም።

መዝገቡ ወደ ቀበሌው ከተመለሰ በኋላ፣ የቀበሌው የመሬት ባለሙያ የተየብኩትን ዝርዝር ይዞ ደብረ ታቦር ወዳለው የዞኑ ጽሕፈት ቤት በሚሄድበት ቀን፣ አንዲት ባልቴት አስከትሎ መጣ። ስማቸው በሥላሴ የሚያልቅ ነው። የሟች ባላቸው ወንድም ማሳቸውን የእኔ ነው ብሏል። በዝርዝሩ ላይ ካልተገኙ ማሳው ባለቤት ያልቀረበበት ተብሎ ለሌላ ይተላለፋል።

የአክስቴ ልጅ ስማቸውን ጻፈችና ለፊልተር ሰጠችው። ስክሪኑ ላይ ሁለት ቅንፎች ወጡ፤ በመካከላቸው ምንም የለም።

«እማማ፣ የሉም እኮ» አለ ባለሙያው። «በባልዎ ስም ይሆናል የተመዘገበው።»

«ባሌ ከሞተ ወዲህ ነው የተጻፍኩት። ጣቴን ቀለም ያስነከረኝ ሰውዬ በሕይወት አለ።»

«ኮምፒውተሩ የለም ካለ የለም ነው።»

«እሱ ማሳዬን መቼ አየው?»

ባለሙያው ሰዓቱን አየ። መኪናው ሊነሣ ነው። እኔ ነገሩ ወዲያው ገብቶኝ ነበር፤ አፌ ግን አልከፈት አለኝ። ባልቴቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ በሩ ሲዞሩ፣ «በንጉሡ ነው የጻፍኩት» አልኩ።

«ምኑን?» አለች የአክስቴ ልጅ።

«ሥላሴን። በንጉሡ ሠ። አንቺ የፈለግሽው በእሳቱ ነው።»

አፍጥጣ አየችኝ። «አንቺ የመሪጌታ ልጅ! ለኮምፒውተር እኮ ሰ እና ሠ እንደ በሬና እንደ በር የተለያዩ ናቸው። ስንቱን ነው እንዲህ ያደረግሽው?»

«ሁሉንም።»

ወንበሯን ሳበች። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ወደ አንድ የሚያመጣ አጭር ትእዛዝ ጻፈች። የምትፈልገውን ስምም፣ የዝርዝሩንም ስሞች በእሱ አሳልፋ ነው የምታስተያየው።

«እኔ የጻፍኩት ሊጠፋ ነው?» አልኳት።

«አይነካም። ለማስተያየት ብቻ ነው።»

ስለቸኮለች በፋይንድ ጠየቀች። አንድ ስም ወጣ። ባለሙያው እስክሪብቶውን አነሣ። የአባት ስሙን ሳየው የሌላ ሴት ነው።

«እሱን ሰነፉን ተይው» አልኩ። «ያሉትን ሁሉ አውጪ።»

በፊልተር አምስት ሴቶች ወጡ። ከእነሱ ሁለቱ በአባት ስምም ከባልቴቷ ስም ጋር ይገጥማሉ። ባለሙያው ከዝርዝሩ ላይ የማሳዎቹን አዋሳኞች እያነበበ፣ «በምሥራቅ ማን ያዋስንዎታል?» ሲል ጠየቃቸው።

«ወንዝ።»

«በምዕራብ?»

«የቤተ ክርስቲያኑ መሬት።»

«በሰሜንስ?»

«ያ የባሌ ወንድም። ሌላ ማን ይሆናል!»

ሁለተኛዋ እሳቸው ነበሩ። ባለሙያው ገጹን አትሞ ፈረመበትና አንድ ቅጂ ሰጣቸው። ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት።

«አፍ አለሽ ለካ» አሉኝ። «ምነው እስካሁን ዘግተሽው ቆየሽ?»

የባላቸው ወንድም በማግስቱ በማሳው ላይ በሬ ሊጠምድ ተዘጋጅቶ ነበርና፣ ቀድመውት ለመድረስ ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ በእግራቸው ወጡ።