የአያ ካሳ ድንጋይ

የልጅ ልጄ ትናንት የካውቦይ ፊልም ከፍቶ ያይ ነበር። ወዳጁን የገደለው ሰው ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀምጦ በሟች ሚስት ደጅ ሲንበረከክ፣ "አያቴ፣ ትምረዋለች አይደል?" አለኝ። ሐሳቤ ግን ልጅነቴን ያሳለፍኩበት ሰቆጣ ሄዶ ነበር።

አያ ካሳ የአባቴ የልብ ወዳጅ ነበር። አንድ ሰሞን ሁለቱም ከዓይኔ ጠፉ። "ማር ሊያመጡ ተከዜ ወርደዋል" አሉኝ፤ አመንኩ። ልጅ ነበርኩ።

በዓመቱ ቄሶችና ሽማግሌዎች መስቀል ይዘው ደጃችን መጡ። ከፊታቸው አያ ካሳ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንብሷል። እናቴ በሩ ላይ ቆመች። እኔ ግን ሮጬ ሄድኩ። ከኋላው አባቴን ፈለግሁ፤ የለም።

"ደከመዎት አያ ካሳ?" ብዬ ድንጋዩን በሁለት እጄ ገፍቼ ጣልኩለት።

እግሬ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ፣ "ተመስገን፣ የሟች ልጅ አወረደችለት። ደሙ ደረቀ" ተባባሉ። በሰርግ ቤት ጠብ አባቴን የገደለው እሱ መሆኑን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

እናቴ እጄን ይዛ አስገባችኝ። "አንቺስ አወረድሽለት፤ እኔ የኔን የት ላውርደው?" አለች። ከእኔ ጋር የምታወራ አልመሰለኝም።

ድንጋዩ እደጃችን ቀረ። ሰው ሁሉ ሲቀመጥበት እሷ እስክትሞት አንድ ቀን አልተቀመጠችበትም።

ፊልሙ ላይ ሴትዮዋ ሰውዬውን እጁን ይዛ አነሳችው። ልጁ ደስ አለው። እኔ የሴትዮዋን ፊት ፈለግሁ፤ የሚያሳዩት ግን በፈረሱ የሚሄደውን ሰውዬ ብቻ ነበር።