ወንዱን ፍለጋ ወደ ዘንገና

ዳንግላ፣ ንጋት

ከቤት ስወጣ ገና አልነጋም። እናቴ ነጭ ነጠላዋን አጣጥፋ ሰጠችኝ። «ውሰደው፣ እኔ ለጊዜው አልለብሰውም» አለች። ጥቁር የለበሰችው ሐምሌ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሜ አለበል ያኔ ታሞ ሞተብን።

አለበል ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ይማር ነበር። ዓምና ከዘንገና ሐይቅ በታች ካለች ትንሽ ወንዝ አንድ ትል አገኘ። መረቡን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ትሉ ከአፉ በሚያወጣው ክር አሸዋና ስብርባሪ ጭራሮ አጣብቆ ቤት ይሠራል፤ ቤቱን እየጎተተ ይኖራል። ሲያድግ ክንፍ ያወጣና የእሳት እራት ይመስላል። ምሁራኑ ካዲስ ዝንብ ይሉታል። አለበል ግን «ባለጎጆው» ነበር የሚለው። አስተማሪው ዶክተር ሰብለ መርምረው፣ ይህ ዓይነቱ በዓለም ላይ ገና አልተመዘገበም አሉ።

አንድ ችግር አለ። አዲስ ዝርያ ለመመዝገብ ክንፍ ያወጣ ወንድ ያስፈልጋል። አለበል የያዛቸው ትሎችና ሴቶች ብቻ ናቸው። ዝንቡ የሚበረው ዝናብ ካቆመ በኋላ ለጥቂት ሳምንት ነው። ዶክተሯ ደግሞ በዚህ ሳምንት ለትምህርት ውጭ አገር ይሄዳሉ። ያለን ይህ ምሽት ነው። ወንዱ ካልተገኘ የወንድሜ ድካም ስም ሳይወጣለት ይቀራል።

ወደ እንጅባራ፣ ጠዋት

ሚኒባሱ ጣሪያው ላይ ከሰል ጭኗል። ውስጡም እኛን እንደ ከሰል ጠቅጥቆናል። ወንዱ ለምን እንደሚያስፈልግ አጠገቤ የተቀመጡትን ዶክተር ሰብለን ጠየቅኳቸው። አለመጠየቅ ይሻል ነበር።

«ዝርያው የሚለየው በወንዱ ብልት ቅርጽ ነው» አሉ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን።

«ኧረ በእመብርሃን! ቄስ ተሳፍረዋል እኮ!» አሉ ከኋላ ያሉ እናት።

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይቀጥሉ ልጄ። ፍጥረት ነው» አሉ።

ዶክተሯም እስከ እንጅባራ ድረስ ቀጠሉ።

እንጅባራ፣ ከሰዓት

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። መንገድ ዳር ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በላን። ከዚያ ባጃጅ ያዝን። ባለባጃጁ የምንሄድበትን ሲሰማ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ለዝንብ ነው? እቤቴ ኑ፣ የፈለጋችሁትን ያህል ውሰዱ!»

ከመሸ መንገድ ስለሌለ፣ እዚያው አክስቱ ቤት ሊያድር ተስማማ። ለምን እንደመጣ ግን ለአክስቱ እንዳንነግራት አስማለን።

ወንዙ ዳር፣ ጀምበር ስትጠልቅ

ሁለት ቀርከሃ ተክለን ነጠላውን ወጠርን። ባለባጃጁ መብራቱን ነጠላው ላይ አበራ። ነፍሳቱ ብርሃን አይተው ይመጣሉ። ከነፍሳቱ በፊት ግን የመጣው ሰው ነው። ከእርሻ የሚመለሱ ገበሬዎች በአውንጊ ቋንቋ እያወሩ እየተሳሳቁ ሣሩ ላይ በረድፍ ተቀመጡ።

«ፊልሙ መቼ ይጀምራል?» አለች አንዲት ሴት።

«ፊልም አይደለም፣ ዝንብ ልንይዝ ነው» አልኩ።

ማንም አልተነሣ።

ዝንቦቹ መጡ። ዶክተሯ በማጉያ መነጽር እያንዳንዱን ያያሉ። «ሴት። ይቺም ሴት። ሴት።»

«ወንዶቹ ጠላ ቤት ናቸው ማለት ነው» አለች ያቺው ሴት።

ሳቁ ሳያልቅ ባለባጃጁ ሞተሩን አጠፋ። «ይቅርታ፣ ነገ የምመለስበት ቤንዚን አያልቅብኝ» አለ። መብራቱም ጠፋ። ዶክተሯ ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ነጠላውን ለማውረድ የስልኬን መብራት አበራሁ።

አያ ፈንቴ የሚባሉ ሽማግሌ ከሁሉም ይልቅ ወደ ውሃው ተጠግተው ተቀምጠዋል። ነጭ ጋቢያቸው ትከሻ ላይ ቡናማ ክንፍ አየሁ።

«አያ ፈንቴ፣ እንዳይንቀሳቀሱ!»

«ምን አጠፋሁ?»

ዶክተሯ ተንበርክከው ትከሻቸውን አዩ። «ወንድ ነው!» ብለው ጮኹ።

«እሱንስ ሚስቴም ታውቃለች» አሉ አያ ፈንቴ።

ዝንቡን ቀስ ብዬ በጣቶቼ ያዝኩት። ዶክተሯ አልኮል ያለባትን ትንሽ ጠርሙስ ከፈቱ። እጄ አልታዘዝ አለኝ።

«ይሞታል?» አልኩ።

«ይሞታል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሐምሌ ላይ ሞት አይቻለሁ። ቆምኩ።

«ውስጡ ያለው ምንድን ነው?» አሉ አያ ፈንቴ።

«አልኮል ነው።»

«ታዲያ ምን ታዝንለታለህ ልጄ? እኛ ከፍለን አይደል የምንገባበት!»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እጄም በዚያው ተፈታ።

ዶክተሯ ጠርሙሷ ውስጥ የሚገባ ቁራጭ ወረቀትና እርሳስ ሰጡኝ። ቦታው፣ ቀኑ፣ የያዘው ሰው ስም። «አለበል» ብዬ ጻፍኩ።

«አይሆንም» አሉ። «የያዝከው አንተ ነህ፤ ያንተን ጻፍ። የእሱ ስም የዝርያው ስም ይሆናል።»

ሰርዤ የራሴን ስም፣ «ቻላቸው» ብዬ ጻፍኩ።

ዳንግላ፣ በማግስቱ

እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ተገኘ?»

«ተገኘ። አለበል የዝንቡ ስም ሆኗል፣ እኔ ደግሞ የያዘው ሰው። ሁለታችንም አንድ ጠርሙስ ውስጥ ነን።»

«የምን ጠርሙስ?»

«የአልኮል።»

ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። ከሐምሌ ወዲህ ተቆጥታኝ አታውቅም ነበር። ደስ ብሎኝ ሮጥኩ።