«ከማን ጋር በላሽ?»

አያቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ስልክ ሲደውሉልኝ ከሰላምታ ቀጥሎ ሁልጊዜ «ከማን ጋር በላሽ?» ይሉኝ ነበር። ምን እንደበላሁ ግድ አልነበራቸውም። ኮምቦልቻ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሠሩም፣ ምሳውን ይዞ ጥግ የሚቀመጥ ሠራተኛ ካዩ ሳህናቸውን አንስተው አጠገቡ ይሄዱ እንደነበር የሥራ ጓደኞቻቸው ለቅሶው ላይ ነገሩኝ።

እኔ የማጠናው ባለ አንድ ሴል ፍጥረታት ምግባቸውን እንዴት እንደሚፈጩ ነው። ባለፈው ዒድ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ያለው ቤታቸው ሄጄ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያነሳሁትን ፎቶ አሳየኋቸው። በዓይን የማይታይ የውሃ ፍጥረት መሆኑን፣ ውስጡ ያሉት ክብ ክብ ከረጢቶችም የዋጠውን ባክቴሪያ የሚፈጭባቸው መሆናቸውን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ብዙ አዩት።

«ሚስኪን፣ ብቻውን ነው የሚበላው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እሱን አላህ እንዲያ አድርጎ ፈጠረው። አንቺ ግን ሰሞኑን ስጠይቅሽ ለምን ዝም ትያለሽ?»

ፎቶውን ከእጃቸው ተቀብዬ ወደ ቦርሳዬ መለስኩት።

ዛሬ ምሳ ሰዓት ከማይክሮስኮፑ ክፍል ወጥቼ እንደ ልማዴ ወደ ጥግ ልሄድ ስል ቆምኩ። ከዚያ ምሳዬን ይዤ በሩ ላይ ካለው የጥበቃ ሰውዬ አጠገብ ተቀመጥኩና አብረን በላን። ስንጨርስ ሳላስበው ለአባባ ልደውል ስልኬን አነሳሁ። ዛሬ የምመልሰው ነበረኝ።