የአባ ሉቃስ ደወል

ዛሬ ጠዋት የዘይነባ ሚስኮል ሳይመጣ ቀረ። ዘይነባ እንደኔው እዚህ ዓረብ አገር፣ ሱራ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት፤ በዕድሜ ልጄ ብትሆንም ጓደኛዬ ናት። ኮሮና ይዟት ሆስፒታል ስትገባ ስልኳ ማዳሟ ቤት ቀረ። ከጎኗ የተኛች አንዲት የስሪላንካ ሴት ግን፣ እግዜር ይስጣትና፣ በየማለዳው በራሷ ስልክ አንድ ጊዜ ታስጠራና ትዘጋለች። ዘይነባ በሰላም አድራለች ማለት ነው። እኔም «ተመስገን» እልና የማዳምን አሮጊት እናት ላጥብ እነሳለሁ።

ዛሬ ግን ስልኩ ዝም አለ። እኔ ባለሁበት በሳልዋ ሰፈር በሰዓት እላፊው ምክንያት የሚወጣ የሚገባ የለም፤ አዛኑ እንኳ «በየቤታችሁ ስገዱ» ነው የሚለው። ምን ላድርግ፣ ወጥ ቤቱን በክሎሮክስ መፈግፈግ ያዝኩ። ክሎሮክስ እኛ አገር በረኪና የምንለው ነው። ያ ሽታ ነው እንግዲህ እጄን ይዞ አባ ሉቃስ ግቢ የወሰደኝ።

አባ ሉቃስ የካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር ነበሩ። አገራችን የመጡት በጣሊያን ጊዜ ነው፣ ገና ጎረምሳ ቄስ ሳሉ። ያኔ የአገሬውን ልጅ ከሦስተኛ ክፍል በላይ እንዳያስተምሩ ከገዛ ወገኖቻቸው ከጣሊያኖቹ ትእዛዝ መጣባቸው አሉ። እሳቸው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሦስተኛን የጨረሰውን ሁሉ «ወድቋል» ብለው እዚያው ያስቀምጡትና የአራተኛውን ትምህርት ያስተምሩታል፣ በዓመቱ ደግሞ ይጥሉትና የአምስተኛውን። «እኔ ሦስተኛ ክፍልን ደጋግሜ የወደቅሁ ሰው ነኝ» እያለ የሚኮራ ሽማግሌ ያለው እኛ ከተማ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

አባቴ ግን ሰላም አይላቸውም ነበር። ወንድሙን ጣሊያን ገድሎበታል፤ ምን ይበል? እኔን እዚያ ያስገባችኝ እናቴ ናት፣ ተጣልታ።

ደወሉ ከዋርካው ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር። ዘበኛ እያለ አባ ራሳቸው ነበሩ የሚደውሉት፤ ድምፁ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል።

አንድ ክረምት ተስቦ ገባ። አባ ትምህርት ቤቱን ዘግተው ክፍሎቹን የበሽተኛ ማደሪያ አደረጓቸው። እናቴም ታመመችና በቃሬዛ ወሰዷት። በጭቃው ተከትዬ ብሄድ በሩ ላይ አባ ቆመው ጠበቁኝ፤ በረኪና በረኪና ይሸታሉ። ለቅሶዬን አቀለጥኩት። እናቴን ልሳማት ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አንስተው አቆሙኝ።

«ግቢ ብልሽ ሁለታችሁንም አጣለሁ» አሉኝ። «ሂጂ ልጄ። እናትሽ በሰላም ካደረች ጠዋት አንድ ጊዜ እደውልልሻለሁ።»

እንዴት እንደጠላኋቸው! አባቴ ልክ ነው፣ ሆዳቸው የጣሊያን ሆድ ነው ብዬ ነበር ያደርኩት። በማግሥቱ ማለዳ ግን ደወሉ ተደወለ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ዝናቡን እያየሁ፣ የተበጠበጠ በሶ በእጄ ይዤ ደጃፉ ላይ እቀመጣለሁ። ደወሉ ካልተሰማ በሶው ወደ አፌ አይሄድም። አባቴም በቅሎውን የሚጭን መስሎ ጠፍሩን ሲያላላና ሲያጠብቅ ይቆያል። ሲደወል አንገቱን ደፍቶ ይወጣል፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው።

አንድ ማለዳ ሳይደወል ቀረ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣ፤ ደወል የለም። አባቴ ኩታውን አውልቆ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቆ ለሐዘን ለበሰው። እኔ እሱን ሳልጠብቅ ሮጥኩ፤ አንድ ጫማዬን ጭቃው አስቀረው።

በሩ ላይ ስደርስ እናቴን በረንዳው ላይ አየኋት። ፀጉሯን ተላጭታ፣ ከስታ፣ ፀሐይ እየሞቀች አጥሚት ትጠጣለች። ደስታ አሳበደኝ። ሳቅሁ፣ እልል አልኩ። እናቴ ግን አልሳቀችም።

«እማዬ፣ ታዲያ ለምን አልተደወለም?» አልኳት ከበሩ ሆኜ።

«የሚደውለው ሰው አላደረም፣ ልጄ» አለችኝ።

እልልታዬ አፌ ላይ ቀረ። አባቴ ከኋላዬ ደርሶ ሰምቷል። ለእናቴ ያዘቀዘቀውን ኩታ ይገለብጠዋል ብዬ ነበር፤ አልነካውም። እንደዚያው ለብሶ ቀብራቸው ላይ አፈሩ እስኪመለስ ድረስ ቆመ። ያን ቀን ነገሩ አልገባኝም ነበር።

ወጥ ቤቱን ፈግፍጌ እንደጨረስኩ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«እትዬ አስካለ፣ አለሁ። የነርሷ ስልክ ነው» አለች ዘይነባ።

«አልሐምዱሊላህ!» አልኩ በሷው አፍ፤ እንባዬ መጣ። ወዲያው ደግሞ ያ በረንዳ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

«ያቺ ሴትስ?» አልኳት።

ሴትየዋ ሌሊት ማረፏን፣ ስልኳንም ከዕቃዋ ጋር በላስቲክ አሽገው መውሰዳቸውን ነገረችኝ። ስሟን ብጠይቃት «እህቴ ለማለት ሲስተር ነበር የምላት» አለችኝ፤ ትክክለኛ ስሟን ሳትጠይቃት መቅረቷ እያስለቀሳት።

ነጠላዬ ከመጣሁ ጀምሮ ሻንጣ ውስጥ ነው። አወጣሁት፤ ጥለቱን እንደ አባቴ አዘቅዝቄ በሥራ ልብሴ ላይ ደረብኩት። ማዳም አይታኝ ደነገጠችና ማን እንደሞተብኝ ጠየቀችኝ።

«የምትደውልልኝ ሴት» አልኳት።