ድንኳን ውስጥ የተመረጠ ዲግሪ

ዛሬ ከባርኔአ ሰፈር ስመለስ አባቴ ከሚኖርበት ሕንፃ በታች የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል። ገና ከመኪናዬ ስወርድ ፀሐይ ያጋለው የፕላስቲክ ወንበር ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ የድሮ ንዴቴም አብሮ መጣ።

ከዓመታት በፊት የግዴታ ውትድርናዬን ጨርሼ የሒሳብ አስተማሪ ልሆን ቆርጬ ነበር። የቀረኝ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሒሳብ ብቻ ልማር ወይስ ሚኽላላ የሚሉት የመምህራን ኮሌጅ ገብቼ ማስተማሩንም አብሬ ልማር የሚለውን መምረጥ ነበር። አባቴ ግን ጉዳዩን አንድ ዘመድ ሞቶ ለቅሶ ቤት ይዞት ሄደ። ከየከተማው የመጣ ዘመድ ሁሉ እዚያ አይደል የሚገኘው? ለሟቹ አልቅሰው ሳይጨርሱ እኔን መሃል አስቀመጡኝ።

«ዩኒቨርሲታ ትግባ» አለ አጎቴ ሽንብራ ቆሎውን እየቆረጠመ። «ማስተማር ማንም ይችላል።»

«አንተ ልጆችህን ምን አስተማርክ?» አሉት ነጠላቸውን ያዘቀዘቁት የሟቹ እህት፣ እማማ ዘነቡ። ወደ እኔም ዞረው፣ «ስሚኝ ልጄ፣ ሒሳቡንስ ታውቂዋለሽ። ፈርቶ ዝም ያለውን ልጅ ማናገር የሚያስተምሩበት ሂጂ» አሉኝ።

ክርክሩ እስኪመሽ ቀጠለ። አንቺስ የትኛውን ትፈልጊያለሽ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም።

«ይኸው አስተማሪዋ መጣች!» አለ አባቴ ዛሬ ከድንኳኑ ሲያየኝ። ወንበር ሳቡልኝ። መሃል ላይ አንዲት ልጅ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። እሷም ሒሳብ ልታስተምር ነው፤ እነሱም ዲግሪ እየመረጡላት ነው። ማንም እንዳልጠየቃት ከፊቷ ያስታውቃል። እኔ እንኳ ልጠይቃት ብዬ ጠጋ አልኩ። አፌን ስከፍት ግን የወጣው «ስሚኝ ልጄ» ነበር።