ቱቲ ላይ የቀረው ይመር

ልጅ ሳለሁ ካርቱም ለእኔ የሁለት ወንዝ ከተማ ነበረች። እኛ የምንኖርባት ካላክላ ለነጭ አባይ ትቀርባለች፤ ሰፊ፣ ዝምተኛ፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ወንዝ። በሌላው በኩል የኛው አባይ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ደፍርሶ፣ የተነቀለ ዛፍ እየገፋ የሚመጣው። ሁለቱ ከሚገናኙበት ቦታ ላይ ቱቲ የምትባል ደሴት አለች።

ግቢያችን ውስጥ ሐዋ የምትባል የዳርፉር ሴት፣ ከደቡብ ሱዳን የመጡ ባልና ሚስት፣ ከወሎ ደግሞ እናቴና እኔ ነበርን። እናቴ ዐማራት በሚባለው የሀብታም ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። እኔ እዚያው ስላደግሁ ግማሽ አፌ ዐረብኛ ነበር፤ ውሃ ሲጠማኝ «ሞያ ስጪኝ» ነበር የምላት።

አማርኛዬን ያቃናልኝ ይመር ነው። ይመር ከወሎ ቦረና የመጣ፣ ወደ ሊቢያ ሊሻገር ብሎ ካርቱም ላይ የቆየ ወጣት ነበር። ከኛ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል ያድራል፤ ቀን ቀን አባይ ዳር ወንዙ ከሚተወው ደለል ጡብ ይሠራል። ማታ ሲመለስ ልብሱ እርጥብ ጭቃና የእበት ጭስ ይሸታል። አንድ ቀን ጥፍሩ ሥር የገባውን አፈር አሳየኝና፣ ይኼ እኮ ከኛ ማሳ ታጥቦ የመጣ ነው አለኝ። አመንኩት። ከዚያ ወዲያ የካርቱም ቀይ ግንብ ሁሉ የኛ ይመስለኝ ጀመር።

አንድ ክረምት ወንዙ ከልማዱ ቀድሞ ሞላ። ሠራተኞቹ ገና ያልተቃጠለውን ጡብ ውሃ እንዳይወስደው እየተቀባበሉ ሲያሸሹ፣ ይመር የቆመበት ዳርቻ ተናደ። ገመድ ወረወሩለት፤ አልደረሰለትም። ከሰዓት በኋላ ጓደኛው ጫማውን ይዞ ቤታችን መጣ። እናቴ ተቀበለችውና ጫማውን በሩ ሥር አስተካክላ አስቀመጠችው፤ ባለቤቱ መጥቶ የሚያደርገው ይመስል።

ከቀናት በኋላ የቱቲ ሰዎች አንድ አስከሬን አገኙ የሚል ወሬ ደረሰን። እናቴ ከሥራዋ ቀርታ፣ እጄን ይዛ ሄደች። ያን ጊዜ ወደ ደሴቲቱ ድልድይ ስላልነበረ በጀልባ ተሻገርን። የቱቲ ሰዎች አትክልት እያለሙና ዓሣ እያጠመዱ የሚኖሩ፣ በክረምት ደግሞ ዳርቻውን ተራ ገብተው የሚጠብቁ ናቸው። ይመርን ሎሚ ዛፍ ሥር አስተኝተው በንጹሕ አንሶላ ሸፍነውት ነበር።

አንድ ፖሊስ፣ ዘመድ ከሌለው ወደ ከተማ ሬሳ ቤት ይወሰዳል እያለ ይከራከራል። እናቴ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ አልነበራትም፤ ፖሊስ ስታይ መንገድ የምትቀይር ሴት ናት። ያን ቀን ግን ሰዉን አልፋ ወደ ፊት ወጣች። አንድ ሽማግሌ ሼህ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት።

«ልጄ፣ ለዚህ ሰው ምኑ ነሽ?»

«እህቱ ነኝ።»

ፖሊሱ ወረቀት እንድታሳየው ሲጠይቃት ሼሁ መሀል ገቡ።

«እህቱ ነኝ ብላለች፤ ሰምተናል። የሚቀበረው እዚሁ ነው።»

ፖሊሱ እናቴን ትንሽ አያትና፣ ያላ፣ በሉ ቅበሩት ብሎ ሄደ።

ወንዶቹ ቀበሩት። ሴቶቹ እናቴን በገመድ አልጋ ላይ፣ የሐዘንተኛ ቦታ ላይ አስቀመጧት። ጨርሰው የማያውቋት ሴቶች አንድ በአንድ እየመጡ እጃቸውን ዘርግተው ፋቲሐ ቀርተው ዱዓ አደረጉላት። የዚያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። መርዶው አገር ቤት ለወላጆቹ በሰው በሰው ደረሰ። እኛ ግን ከዚያ በኋላ በየዒዱ ቱቲ መሄድ ልማዳችን ሆነ፤ ድልድዩ ከተሠራም በኋላ በእግራችን።

አሁን ኮምቦልቻ ነን። ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሳ እንደ ብዙው ሰው በመተማ በኩል ወጣን። በቅርቡ ሐዋ ግብፅ ሆና ደወለችልን። የግቢያችን ሰው እንደተበተነ፣ የቱቲ ሰዎችም በታጣቂዎች ተከበው ከርመው ደሴታቸውን ለቀው እንደወጡ ነገረችን። ያኔ እነሱ ባለአገር፣ እኛ እንግዶች ነበርን። ዛሬ እነሱም በሰው አገር ቤት ይከራያሉ። እናቴ ስለ ጣልነው ዕቃ አንዲት ቃል አልጠየቀችም። ስልኩ ሲዘጋ ያረጁ እጆቿን ዘረጋች።

«ያ ረቢ፣ ወደ ወንዛቸው መልሳቸው» አለች።

አሚን አልኳት።