በሙሾ የተነገረ የማኪና ቁጥር

ሓትኖይ የምላት አክስቴ ለቅሶ ቤት ገብታ ዝም ብላ አታውቅም። ሙሾ የምታወርደው በትግርኛ ነበር። የንጉሡ ወታደሮች ሰው ከቤቱ እየወሰዱ ሬሳውን መመለስ ሲጀምሩ፣ «ማን እንደወሰደው አይታወቅም» ይባል ነበር። እሷ ግን ሟቹ የተወሰደባትን ማኪና ቁጥር ከጎረቤት ጠይቃ፣ ከግጥሟ አስገብታ ለለቀስተኛው ታሰማለች። በር ላይ የሚቆሙት ወታደሮች ትግርኛ ስለማያውቁ እንዲሁ ለቅሶ ይመስላቸዋል።

አንድ ቀን ቃሓውታ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ የአንድ ወጣት ለቅሶ ላይ፣ የወታደሮቹ መኮንን የአማርኛ አስተማሪ መሆኔን ያውቅ ነበርና ወደ እኔ ዞረ።

«ምንድን ነው የምትለው?»

«‹ወንድሜ፣ ወንድሜ› ነው የምትለው» አልኩት።

አክስቴ ሰማችኝ። ስንወጣ ክንዴን ይዛ፣ «ኣይፋልን ጓለይ! የለም ልጄ! አፍ ያለው ከዋሸ ሬሳ ምን ይበል?» አለችኝ።

በሚቀጥለው ለቅሶ ቁጥሩን በአማርኛ አዜመችው። መኮንኑ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ከእስር ስትመለስ ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ስንቀብራት ሙሾ የሚያወርድ ጠፋ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ አየ። እስካሁን ሰው የምትወስደው ያቺ ማኪና ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ቁጥሯን በቃሌ አውቀዋለሁ።

ከአፌ የወጣው ግን «ሓትኖይ፣ ሓትኖይ» ብቻ ነበር።